ከግጭት በኋላ ጉርብትናን መልሶ ለማቆም፦ በቀበሌ ደረጃ ለሚሠሩ የዕርቅ ሰዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ተኩስ ከቆመ በኋላ በአንድ ቀበሌ ውስጥ የሚቀረው ሥራ በመሪዎች መካከል ከሚፈረም ስምምነት በጣም የተለየ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት በሁለት ተዋጊ ወገኖች መካከል ጦርነት እንዲቆም ያደረገ ሰነድ ነው፤ በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ገበሬዎች ግን ከብቶቻቸውን እንደ ቀድሞው በጋራ ያጠጡ ዘንድ ማድረግ ከማንኛውም ሰነድ አይጠበቅም። ይህ የጎረቤቶቹ የራሳቸው ሥራ ነው። መመሪያው የተጻፈውም ይህንን ሥራ ለሚጀምሩ የአገር ሽማግሌዎች፣ የዕድር መሪዎች፣ መምህራን፣ የሃይማኖት አባቶችና በየቀበሌው ለተቋቋሙ የሰላም ኮሚቴዎች ነው።

መመሪያው የቆመበት ሐሳብ አንድ ነው፤ የዕርቅ ሥነ ሥርዓት የሥራው መዝጊያ ሊሆን ይገባል። በአገራችን በተደጋጋሚ የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። ግጭቱ በበረደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ ባነር ይሰቀላል፣ በሬ ይታረዳል፣ ባለሥልጣናት ይናገራሉ፣ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፣ ካሜራም ይቀርጻል። በማግሥቱ የተፈናቀለው ቤቱን፣ የተዘረፈው ከብቱን፣ ልጅ የሞተበት መልሱን ሳያገኝ ይቀራል፤ ያዘነው ሰው ደግሞ «ታርቀሃል» ስለተባለ በደሉን የሚናገርበት ቦታ ያጣል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ዕርቅ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ሥራዎች ሥነ ሥርዓቱን ወደ መጨረሻው እንዲገፉ ሆነው ተቀምጠዋል።

ከስብሰባ በፊት

አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ግጭቱ በእርግጥ ቆሟል ወይ የሚለው ነው። የታጠቁ ሰዎች ሌሊት የሚንቀሳቀሱበት፣ ለስብሰባ የተገኘ ሰው በማግሥቱ «ለምን ሄድህ» ተብሎ የሚጠየቅበት ቀበሌ ከሆነ ሕዝብ መሰብሰብ ተሰብሳቢውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚቻለው ድምፅ የሌለው ሥራ ነው፤ በሁለቱ ወገን ያሉ ጥቂት ሽማግሌዎች በስልክ መገናኘታቸውን እንዳያቋርጡ፣ ምጥ የያዛት ሴትና በጽኑ የታመመ ሰው በሌላው ወገን መንደር በኩል ወደ ጤና ጣቢያ ማለፍ እንዲችሉ መነጋገር ይበቃል።

ሁኔታው ከፈቀደ ደብተር ይያዝና ሰዎች ከግጭቱ በፊት ይገናኙባቸው የነበሩ ቦታዎች ሁሉ ይመዝገቡ፦ ገበያው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የቦኖ ውኃው፣ የጋራ ግጦሹ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የዕድሩ ድንኳንና ድስት የሚቀመጥበት ቤት፣ የጠበሉ መንገድ፣ የመቃብር ቦታው። በእያንዳንዱ ቦታ ፊት ለፊት ቀድሞ እነማን ይጠቀሙበት እንደነበር፣ ዛሬ እነማን እንደቀሩና የቀሩበት ምክንያት ይጻፍ። ምክንያቶቹ እንደሚጠበቀው አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ወደ ወፍጮ ቤቱ የማይሄደው ወፍጮው የተዘረፈው ከእርሱ ወንድም ስለሆነና ማየት ስላልቻለ ነው፤ ሌላው በመንገዱ ላይ ያለውን ኬላ ስለሚፈራ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ እህሉን የሚጭንበት አህያ ስለሌለው ብቻ ነው። ለሦስቱ የሚሰጠው መፍትሔ ይለያያል፤ ይህንን ሳይለዩ «ጥላቻ አለ» ብሎ መጀመር ከአህያው ችግር ጥላቻ መፍጠር ነው።

ይህንን መረጃ ለመሰብሰብ ከሊቀመንበሩ ይልቅ ወፍጮ አስፈጪውን፣ ውኃ የሚቀዱትን ሴቶችና ልጃገረዶች፣ እህል ነጋዴውንና ባጃጅ ነጂውን መጠየቅ ይሻላል። ከየትኛው መንደር ማን እንደቀረ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ደብተሩ አይጣልም፤ በየወሩ እየተገለጠ የሚታይ የሥራው መለኪያ ነው። ሰዎች «ሰላም ነው» ማለታቸውን ከመመዝገብ ይልቅ ማክሰኞ ገበያ ላይ ከማዶው መንደር የመጡ ቅቤ ሻጮች ተመልሰው መታየታቸውን መመዝገብ እውነቱን ያሳያል።

እነማን ይሥሩት

የሽማግሌዎች ምርጫ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ዕርቅ የሚበላሸው ግን እዚህ ላይ ነው። በግጭቱ ወቅት ወጣቶችን ያነሣሣ፣ በዘረፋው የተጠቀመ ወይም ከአንዱ ወገን ታጣቂዎች ጋር በግልጽ የቆመ ሰው፣ ዕድሜውና ስሙ ምንም ያህል ቢከበር፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የሚመከረው መንገድ ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ወገን ለብቻው ከሌላው ወገን «ቃሉን እናምናለን» የሚላቸውን ሰዎች ስም ይስጥ። ሰው ከራሱ ወገን የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ ተከራካሪ ነው፤ ከሌላው ወገን የሚመርጠው ግን አስታራቂ ነው። በሁለቱም በኩል የተጠሩት ስሞች ጥቂት ቢሆኑም መነሻ ይሆናሉ። ሰብሳቢው በግጭቱ ውስጥ ካልነበረ ማኅበረሰብ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

አገራችን በዚህ ረገድ ድሃ አይደለችም። በወሎ አበጋሮች፣ በሲዳማ አፊኒ፣ በኦሮሞ ጃርሱማና የሴቶቹ ሲንቄ፣ በአፋር መድዓ፣ በራያ ዘወልድ፣ በጋሞ ዱቡሻ ለዘመናት የሠሩ ሥርዓቶች ናቸው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው የደረሰውን ግድያ ተከትሎ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል በተነሡ ጊዜ የጋሞ አባቶች ለምለም ሣር ይዘው ተንበርክከው አስቁመዋቸዋል። ይህ የሠራው ወጣቶቹ የተንበረከከ አባትን መሻገር ነውር እንደሆነ ሲማሩ ስላደጉ ነው። ትምህርቱም በዚሁ ላይ ነው፤ አንድ ሥርዓት የሚገዛው ያመኑበትን ሰዎች ነው። ግጭቱ በሁለት ሕዝቦች መካከል ከሆነ የአንዱን ሥርዓት በሌላው ላይ መጫን አይገባም፤ የሁለቱም አባቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው እያንዳንዱ የራሱን ሰው በራሱ ወግ ቢያስር ይበረታል። አበጋሮች በወሎ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ማስታረቅ የቻሉት ሁለቱም ወገኖች ሥርዓቱን የጋራ አድርገው ስለያዙት ነው።

ከሽማግሌዎቹ ጋር ወጣቶች ካልተቀመጡ ስምምነቱ በመጀመሪያው ሌሊት ይፈርሳል፤ መሣሪያ የያዙት እነርሱ ናቸውና። ሴቶችም መቀመጥ አለባቸው፤ ነገር ግን በወንዶች መካከል ሁለት ሴቶችን አስቀምጦ «ሴቶች ተሳትፈዋል» ማለት ለሪፖርት እንጂ ለሥራው አይጠቅምም። ሴቶቹ አስቀድመው ለብቻቸው ተሰብስበው የመከሩበትን ጉዳይ ራሳቸው በመረጧት ተወካይ ወደ ጉባኤው ቢያመጡት ክብደት ይኖረዋል።

የቀበሌው አስተዳደርና ፖሊስ ሥራውን ማወቅ አለባቸው፤ መምራት ግን የለባቸውም። አበልን በተመለከተም ከመጀመሪያው ቀን ቁርጥ ያለ ውሳኔ ይወሰን። ለዕርቅ ስብሰባ አበል የተከፈለ እንደሆነ የሚመጡት ለአበሉ የሚመጡ ይሆናሉ፣ ገንዘቡ ሲቆምም ሥራው ይቆማል። ከሩቅ ለመጡት የትራንስፖርት፣ ለሁሉም ቡናና ቆሎ ይበቃል።

ለየብቻ መስማት

ሁለቱን ወገን ፊት ለፊት ከማስቀመጥ በፊት እያንዳንዱን ለየብቻ መስማት ግዴታ ነው፤ በዚህ ላይ የሚውል ጊዜ አይባክንም። ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ያለበት አነስተኛ ቡድን፣ በሰዎቹ መንደር፣ ሌላ ጆሮ በሌለበት ቦታ ይቀመጥ። ወንዶች፣ ሴቶች፣ ወጣቶችና ተፈናቃዮች በየራሳቸው ይሰሙ፤ ልጅ በአባቱ ፊት፣ ሚስትም በባሏ ፊት የምትናገረው የተለየ ነው።

አጠያየቁ መታሰብ አለበት። «ማን አደረገው?» የሚለው ጥያቄ በቡድን ፊት ፈጽሞ አይጠየቅ፤ ስም የጠራ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ከጥቃት የሚከላከልለት ማንም የለም። ከዚያ ይልቅ ምን እንደጠፋባቸው፣ አሁን በጣም የሚያስቸግራቸው ምን እንደሆነ፣ ምን ቢደረግ ወደ ገበያው ወይም ወደ እርሻቸው እንደሚመለሱ፣ በግጭቱ መካከል ከሌላው ወገን የደበቃቸው ወይም ያስመለጣቸው ሰው ካለ ይጠየቁ። የመጨረሻው ጥያቄ ስም ሳይጠራ እንዲመለስ ቢደረግ መልካም ነው፤ ሰው የደበቀ ሰው በራሱ ወገን «ከሐዲ» ተብሎ ሊጠቃ ይችላልና ታሪኩ የሚነገረው እርሱ ሲፈቅድ ብቻ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ቡድን ውስጥ ግን ይህ ጥያቄ ሲነሣ የንግግሩ አየር ሲለወጥ ይታያል፤ እስከዚያ ድረስ «እነርሱ» ይል የነበረ ሰው ስለ አንድ ሰው መናገር ይጀምራል።

ማስታወሻ የሚይዘው አንድ ሰው ይሁን፤ የተናጋሪዎች ስም አይጻፍ፤ በስልክም አይቀረጽ።

ስለ መናገር ራሱ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። «ተናግረው ይውጣላቸው» የሚለው አባባል ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በሴራሊዮን ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ተበዳዮችና በዳዮች በመንደር አደባባይ እየወጡ የሚናገሩበት የዕርቅ መርሐ ግብር ተካሂዶ ነበር፤ 200 መንደሮችን አነጻጽሮ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በእነዚያ መንደሮች ይቅርታውና የጋራ ሥራው ቢጨምርም የሰዎቹ ጭንቀትና ድባቴ ብሷል። ስለዚህ ማንም ሰው በሕዝብ ፊት ሐዘኑን እንዲናገር አይገደድ፣ በውዳሴም አይገፋፋ፤ የሚናገር ካለም በፊትም በኋላም የሚያጽናናው ቤተሰብ፣ የንስሐ አባት ወይም ኢማም፣ ካለም የጤና ባለሙያ አጠገቡ ይኑር። እንቅልፍ ያጣ፣ ራሱን ሊጎዳ የሚያስብ፣ ከሰው የተለየ ሰው ሲገኝ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ የኮሚቴው ተግባር ነው።

የመደፈር ጥቃት የደረሰባት ሴት ጉዳይ በእነዚህ ስብሰባዎች አይነሣም፤ በሽማግሌም አይዳኝም። የምታምናት አንዲት ሴት ለብቻዋ አግኝታት ለሕክምናና ለሕግ አገልግሎት ወደ ሆስፒታል እንድትደርስ ትርዳት፤ ሕክምናው በቶሎ ሲሆን፣ በተለይም በ72 ሰዓት ውስጥ ሲደርስ፣ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ለማግኘት ያስችላታል። ጊዜው ቢያልፍም ግን መሄዷ ዋጋ አለው።

ገበያውን ማስቀደም

ከመስማቱ በኋላ ሁለቱ ወገኖች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገናኙት በትንሽና በሚጨበጥ ጉዳይ ላይ ይሁን። ታሪክን፣ ወሰንን፣ «ማን ጀመረው» የሚለውን ይዞ የተጀመረ ስብሰባ በዚያው ያልቃል።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ከጎረቤታችን ኬንያ፣ ከሰሜን ምሥራቋ የዋጂር አካባቢ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በድርቅ የተጎዱት የአካባቢው የሶማሌ ጎሳዎች እርስ በርስ ተጋድለው ግጭቱ እስከ ገበያው ዘልቆ ነበር፤ አንዲት ሴት ከሌላው ጎሳ ሴት ወተት መግዛት የማትችልበት ደረጃ ላይ ተደረሰ። ዴቃ ኢብራሂም አብዲ የነበረችባቸው ጥቂት ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1993 ሥራቸውን የጀመሩት ከገበያው ነው። ከየጎሳው የተውጣጡ ሴቶች ገበያውን እየተከታተሉ ማንኛዋም ሴት ከማንኛውም ጎሳ ብትሆን እንድትሸጥና እንድትገዛ አደረጉ። ገበያው ከተከፈተ በኋላ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዱ፣ ቀጥሎ ወደ ወጣቶቹ፣ ቀጥሎ ወደ መንግሥት ሹማምንት። በዚያው ዓመት የጎሳ ሽማግሌዎች አል ፋታህ የተባለውን ስምምነት አደረጉ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ሁሉንም ያቀፈ የዋጂር የሰላምና የልማት ኮሚቴ ተቋቋመ። በኋላ ይህ አሠራር በሌሎች የኬንያ ወረዳዎች ለተቋቋሙ የሰላም ኮሚቴዎች አብነት ሆኗል። ልብ ሊባል የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ስምምነቱ የመጣው ሴቶቹ ወተት መሸጥ ከጀመሩ በኋላ ነው።

በራስ ቀበሌ ይህንን ለመሥራት ከደብተሩ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ይመረጥ፤ ሁለቱም ወገን የሚፈልገውና በመቅረቱ ሁለቱም የሚጎዱበት ሊሆን ይገባል። ገበያው ከሆነ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሚሆን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ከሁለቱም ወገን እነማን በመንገዱ ላይ እንደሚቆሙ፣ መሣሪያ የት እንደሚቀመጥ፣ ቅጥ ያጣ ቀረጥ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ለማን እንደሚነገር በዝርዝር ይጻፍ። ውኃ ከሆነ የተራ ቀን፣ ግጦሽ ከሆነ ድንበርና ወቅት ይወሰን። ስምምነቱ ለአራት የገበያ ቀናት ብቻ ተብሎ ቢጀመር ይሻላል፤ ሰው ለዘለዓለም ከማለት ይልቅ ለአንድ ወር እሺ ማለት ይቀለዋል። ወሩ ሲያልቅ ይታደስ።

ከስምምነቱ ጋር አንድ ደንብ አብሮ ይግባ፦ በሬ የሰረቀ ወይም ሰው የመታ ሰው በስሙ ይጠየቃል፣ ወገኑ አሳልፎ ይሰጠዋል ወይም ካሳውን ይከፍላል፤ በእርሱ ጥፋት ሌላው መንገደኛ አይነካም። ይህ ደንብ በብዙ አካባቢ ከቀድሞ ጀምሮ የነበረ ነው፤ ግጭቱ ያፈረሰው እርሱን ነውና መጀመሪያ መታደስ ያለበትም እርሱ ነው።

ለወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው የእግር ኳስ ውድድር ነው። መንደር ከመንደር ማጋጠም ግን አደገኛ ነው፤ ቡድኖቹ ከሁለቱም ወገን ተደባልቀው ይመሥረቱ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ በኢራቅ የተደረገ ጥናት ከአይሲስ ጥቃት በኋላ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች በአንድ ቡድን እንዲጫወቱ ተደርጎ የተገኘውን ውጤት አሳይቷል፤ ክርስቲያን ተጫዋቾቹ በሜዳ ከሚያውቋቸው ሙስሊሞች ጋር የነበራቸው ግንኙነት ተሻሽሏል፣ ለማያውቋቸው ያላቸው አቀራረብ ግን ብዙም አልተለወጠም። ኳሱ ጥሩ ነው፤ የገበያውን ሥራ ግን አይተካም።

የተመላሾች ቤትና መሬት

ተፈናቃይ ሲመለስ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው፣ ማሳው ላይ የሌላ ሰው ቡቃያ ሊያገኝ ይችላል። በዚያ ቤት የተቀመጠው ራሱ ከሌላ ቦታ የተፈናቀለ ሊሆን ስለሚችል «ውጣ» ማለት ብቻ አዲስ ተፈናቃይ መፍጠር ነው። ኮሚቴው ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ጋር ሆኖ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሮችን ያሰባስብ፤ ደብተሩ ለተቃጠለበት የድንበር አዋሳኞቹ በሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ፊት ይመስክሩለት። የባል ሞት ያጋጠማት ሴት ይዞታዋ በባሏ ወንድሞች እንዳይወሰድ ልዩ ክትትል ያስፈልጋል።

የተዘራውን ሰብል በተመለከተ ሁለቱም የሚቀበሉት መንገድ ብዙውን ጊዜ አርሶ የዘራው አጭዶ ለባለመሬቱ እንደ አካባቢው ልማድ የእኩል ወይም ሲሶ ሰጥቶ ከመኸር በኋላ መሬቱን መልቀቁ ነው። እርዳታ ሲመጣ ለተመላሹ ብቻ ከተሰጠ የቀረው ሕዝብ፣ እርሱም ከብቱን አጥቷልና፣ ቂም ይይዛል፤ ዘር፣ ማዳበሪያና ቆርቆሮ በጉዳት መጠን ለሁለቱም እንዲከፋፈል ለእርዳታ ሰጪዎች አስቀድሞ ይነገር። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዓረብ አገሮች ያሉ የአካባቢው ተወላጆችም ገንዘብ ሲልኩ ለየወገናቸው መላካቸው የማይቀር ነው፤ ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን ለጋራው ወፍጮ ወይም ለትምህርት ቤቱ እንዲያደርጉት መጠየቅ ግን ይቻላል፣ ሲጠየቁም እሺ የሚሉ አሉ።

ወሬን ማጣራት

ዛሬ ግጭት ከሚያገረሽባቸው ምክንያቶች አንዱ በፌስቡክ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም የሚመጣ አሮጌ ቪዲዮ ነው፤ ከሌላ ቦታ የተወሰደ ምስል «ዛሬ ጠዋት በእኛ ቀበሌ» ተብሎ ይለቀቃል። የአፋሮች ዳጉ እዚህ ላይ የሚያስተምረው ነገር አለ። በዳጉ ሁለት መንገደኞች ተገናኝተው ዜና ሲለዋወጡ ተናጋሪው ያየውንና የሰማውን ይለያል፣ ለቃሉም ይጠየቅበታል። ይህንን ልማድ በመከተል ከእያንዳንዱ መንደር ሁለት ታማኝ ሰዎች ተመርጠው ስልካቸው ለሁሉም ይሰጥ። አንድ ወሬ ሲሰማ ከመንደሩ ውጭ ማንም ከመንቀሳቀሱ በፊት በማዶ ላሉት ሁለቱ ይደወል፤ እነርሱም ቦታው ድረስ ሄደው ያዩትን ይናገሩ። ኔትወርክ በሚቋረጥበት አካባቢ መልእክተኛ የሚገናኝበት ቦታ አስቀድሞ ይታወቅ። የተጣራው መልስ በቤተ ክርስቲያን ደጅና በመስጊድ ቢነገር በስልክ ከመላክ ይልቅ ይታመናል።

በደልና ካሳ፤ የሽምግልናው ወሰን

ገበያው ለጥቂት ወራት ከሠራ በኋላ ከባዱ ጉዳይ ይመጣል፤ የሞተ ሰው፣ የተቃጠለ ቤት፣ የጠፋ ከብት። እዚህ ላይ ሽማግሌ ምን መዳኘት እንደሚችልና ምን እንደማይችል ጠንቅቆ ማወቅ አለበት።

የንብረት ጉዳት፣ የከብት ዝርፊያ፣ ስድብ፣ የድንበር መገፋፋት በካሳና በዋስ ሊያልቅ ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኙ ይፈቅዳል፤ ፈቃድ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። በሌላ በኩል በአንቀጽ 28 የሰው ዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰውን አስገድዶ መሰወርና ኢሰብአዊ ድብደባ በይርጋም ሆነ በይቅርታ እንደማይቀሩ ተደንግጓል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ክስን፣ እውነት ማፈላለግን፣ ዕርቅንና ካሳን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሲሆን ለባህላዊ ሥርዓቶች ቦታ ሰጥቷል። ከዚህ የሚወጣው ለሽማግሌዎች ያለው ትርጉም ግልጽ ነው፤ የሟች ቤተሰብ ደም እንዲደርቅ፣ በቀል እንዲቆም ማስማማት ይችላሉ፤ «ከእንግዲህ ፍርድ ቤት አትሂድ» የሚል ቃል ግን ማስገባት አይችሉም። ወደ ሕግ መሄድ የሚፈልግ ተበዳይን የዕርቁ ጠላት አድርገው ካዩት ዕርቁ የበዳዩ መሸሸጊያ ይሆናል።

ደም በሚደርቅበት ጊዜ በአንዳንድ አካባቢ ሴት ልጅን ለሟች ወገን በጋብቻ የመስጠት ልማድ አለ። ይህ ፈጽሞ አይደረግ፤ ልጅቷ የማንንም ጥፋት አልሠራችም።

ካሳው የበዳዩ ቤተሰብ ከሚችለው በላይ ከሆነ አይከፈልም፣ ያልተከፈለ ካሳም ካልታወጀ ካሳ ይብሳል። በመከፋፈል፣ በጉልበት ወይም ቤት ሠርቶ በመስጠት እንዲከፈል ማድረግ ይቻላል። ቀኑ፣ መጠኑና ዋሶቹ በጽሑፍ ሆነው ለሁለቱም ወገን ቅጂው ይሰጥ።

ሥነ ሥርዓቱ

ካሳው መከፈል ከተጀመረ፣ ሰዎች ቤታቸው ከገቡ፣ ገበያውም በደንብ መሥራት ከጀመረ በኋላ ሥነ ሥርዓቱን ማድረግ ይቻላል። ቀኑ የገበያ ቀን፣ የጁምዓ ሰዓት፣ የረመዳን ወር ወይም የታላቅ በዓል ዋዜማ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ክርስቲያንና ሙስሊም በሚኖርበት ቀበሌ ሁለት በሬ በሁለት እጅ አርዶ ሕዝቡን በሁለት ድንኳን ከመለየት ይልቅ በረቡዕ ወይም በዓርብ ሽሮውን፣ ምስሩንና ጎመኑን አቅርቦ ሁሉም በአንድ ገበታ እንዲቀርብ ማድረግ የተሻለ ነው፤ ዓርብ ከሆነ ከጁምዓ በኋላ ይሁን። ወጪውም ይቀንሳል።

በሥነ ሥርዓቱ ላይ በመጀመሪያ የሚናገሩት ተበዳዮች የመረጧቸው ሰዎች ይሁኑ። ከበዳዩ ወገን የሚናገረው ሰው «በሁለታችንም በኩል ስሕተት ተሠርቷል» በሚል ሽፋን እንዳያልፈው፤ ወገኑ ያደረገውን ድርጊት በስሙ ይጥራው፤ የሌላውን ወገን ጥፋት መናገር የሌላው ተራ ነው። ባለሥልጣናት ቢገኙ መልካም ነው፣ ንግግራቸው አጭርና በመጨረሻ ይሁን። ሐዘንተኛ ፊት ላይ ካሜራ አይቀሰር። ይቅርታ ለማድረግ ያልተዘጋጀ ሰው ቢቀር «ዕርቅ እምቢ አለ» አይባል፤ በሰላም መኖርና ይቅር ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና ከእርሱ የሚጠበቀው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ያለው ወር

ከዕርቅ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት አንድ ነገር መፈጠሩ አይቀርም፤ ከብት ይጠፋል፣ ሰካራም ይሳደባል፣ ወይም ዕርቁ ያልተመቸው ሰው ሆን ብሎ ቤት ያቃጥላል። ለዚህ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች፣ ከወጣቶች፣ ከሴቶችና ከፖሊስ የተውጣጡ አምስት ወይም ስድስት ሰዎች አስቀድመው ይሰየሙ። ነገሩ በተሰማ ሰዓት በጋራ ወደ ቦታው ይሄዳሉ፤ የዋጂር ኮሚቴም በዚህ መንገድ ይሠራ ነበር። በመጀመሪያ የተጎዳውን ቤተሰብ ይጎበኛሉ፤ የበዳዩ ወገን ሽማግሌ በዚያ ቤት በመጀመሪያው ሌሊት መገኘቱ ከሳምንት በኋላ ከሚመጣ ካሳ ይልቅ በቀልን ይገታል። ቀጥሎ ያዩትን ለሁለቱም መንደር በተመሳሳይ ቃል ይናገራሉ። የጠፋው ከብት ዱካ የገባበት መንደር ዱካውን ከመንደሩ ወሰን አውጥቶ የማሳየት ወይም የመክፈል ግዴታ ይኖርበታል፤ ሥራውም ቀን ይቆረጥለታል። ሰው ከሞተ ወይም ቤት ከተቃጠለ ምርመራው የፖሊስ ነው፤ ኮሚቴው ምስክሮች እንዳይፈሩ አብሯቸው ይሄዳል። በዚያ ሳምንት የሚውለው ገበያ እንዳይታጠፍ ሁለቱም ወገኖች ቀድመው ሰው ይልኩና ሻጮቹን መንገድ ላይ ይቀበሏቸዋል፤ ኮሚቴውም ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ በደብተሩ ላይ ይመዘግባል።